የአካባቢውን ደንብ አክብሮ የወንዝ ዓሣ የማጥመድ ጉዞን እንዴት ማቀድ ይቻላል

ዓሣ ለማጥመድ ወደ ወንዝ ለመሄድ የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዝግጅቱን የሚጀምረው ከዘንግና ከመንጠቆ ነው። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ይሻላል። በየትኛው የወንዙ ክፍል፣ በየትኛው ወር፣ በምን መሣሪያ ምን ያህል ዓሣ መያዝ እንደሚፈቀድ የሚወስነው የአካባቢው ደንብ ስለሆነ፣ ደንቡ ሳይነበብ የተገዛ መሣሪያ ወንዙ ዳር ሲደርሱ የተከለከለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

1. ወንዙ በማን ሥር እንደሆነ ያጣሩ

ወንዝ የአስተዳደር ወሰን ያቋርጣል፤ አንዳንዴም ራሱ ወሰን ይሆናል። ስለዚህ በአንዱ ዳርቻ የሚሠራ ፈቃድ በማዶው ላይሠራ፣ ለዋናው ወንዝ የወጣው ደንብም ለገባሮቹ ላያገለግል ይችላል። ፈቃድ ማለት በሰው መሬት የማለፍ መብት አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። በእንግሊዝ ለምሳሌ ከመንግሥት የሚወጣው የዘንግ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም፤ በቦታው የማጥመድ መብት ያለውን ሰው ወይም ማኅበር ይሁንታም ማግኘት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ የጀርመን ክፍለ ግዛቶች ደግሞ ፈቃዱ የሚሰጠው ፈተና ላለፈ ሰው ስለሆነ፣ ከጉዞው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ መጠየቅ ይገባል።

2. ደንቡን ከነምክንያቱ ያንብቡ

የዘንድሮውን እትም ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያግኙ፤ የዓምናው ተለውጦ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ የሚፈልጉት የተዘጋውን ወቅት ነው። በእንግሊዝ ወንዞች ከትራውትና ከሳልሞን ወገን ያልሆኑትን ዓሦች ከመጋቢት 15 እስከ ሰኔ 15 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ማጥመድ የተከለከለው፣ እንቁላል በሚጥሉበት ጊዜ እንዳይረበሹ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የርዝመት ገደብ ነው። ዝቅተኛው ገደብ ዓሣው ከመያዙ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲራባ ዕድል ይሰጠዋል። ከፍተኛ ገደብ የሚጨመርባቸው ቦታዎችም አሉ፤ ትልልቅ እንስት ዓሦች ከትንንሾቹ እጅግ የበለጠ እንቁላል ስለሚጥሉ ወደ ውሃው እንዲመለሱ ይፈለጋል። ርዝመቱ ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራት ጫፍ ወይስ ጅራቱ እስከሚከፈልበት ድረስ እንደሚለካ አስቀድመው ይወቁ፤ ልዩነቱ አንድን ዓሣ ሕጋዊ ወይም ሕገወጥ ሊያደርገው ይችላል።

የቀን ኮታውን ሲያነቡ በእጅ ሊኖር የሚፈቀደው ጠቅላላ ቁጥር ለብቻው ተደንግጎ እንደሆነ ይመልከቱ፤ በአንዳንድ ቦታ ቤት ውስጥ በማቀዝቀዣ ያለው ዓሣ ጭምር ይቆጠራል። የመሣሪያው ክፍልም በጥሞና ሊነበብ ይገባዋል። ሕይወት ያለው ዓሣ ለማጥመጃነት እንዳይውል በብዙ ቦታ የሚከለከለው፣ ካመለጠ ለወንዙ እንግዳ የሆነ ዝርያ ወይም በሽታ ስለሚያስገባ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ አብዛኞቹ የእርሳስ ማስመጫዎች ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከሉት ስዋን የተባሉት የውሃ ወፎች እየዋጧቸው በመመረዝ ይሞቱ ስለነበር ነው።

3. ቀኑን ከውሃው ጋር ያስማሙ

የሚሄዱበት ቦታ ሰማይ ጥርት ብሎ እያለ ከላይ የዘነበ ዝናብ ወንዙን ሊያስሞላው ይችላል። ስለዚህ የላይኛውን ተፋሰስ ትንበያም ይመልከቱ፤ ከላይ ግድብ ካለ ውሃ የሚለቀቅበትን ሰዓት ይጠይቁ።

የውሃው ሙቀት ደግሞ ብዙዎች የሚዘነጉት ጉዳይ ነው። በ10 ዲግሪ ሴልሲየስ አንድ ሊትር ውሃ 11 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ በ25 ዲግሪ ግን ወደ 8 ሚሊግራም ይወርዳል። እንደ ትራውት ያሉ ቀዝቃዛ ውሃ ወዳድ ዓሦች ከ20 ዲግሪ በላይ ይጨነቃሉ፤ ታግለው ከተለቀቁ በኋላም ሊሞቱ ይችላሉ። ቴርሞሜትር ይያዙ፤ ውሃው ይህን ያህል ከሞቀ ደንቡ ባይከለክልም እንኳ በእኔ እምነት ማጥመዱን ለማለዳ ማዛወር ወይም ጨርሶ መተው ተገቢ ነው።

4. የሚይዙትን ያዘጋጁ

ፈቃድዎን፣ መታወቂያዎን፣ የርዝመት መለኪያ፣ መንጠቆ መንቀያና የመንሳፈፊያ ጃኬት ይያዙ። የካርቦን ዘንግ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከኤሌክትሪክ መስመር ያርቁት፤ ነጎድጓድ ሲሰሙም ወዲያውኑ አስቀምጠው ከወንዙ ይራቁ።

5. የሚለቁትን ዓሣ በጥንቃቄ ይያዙ

ዓሣውን ከመንካትዎ በፊት እጅዎን ያርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚከላከልለትን ልጋግ ይገፍፈዋል። በስንጥቡ አያንጠልጥሉት፤ መንጠቆውን በተቻለ መጠን ውሃው ውስጥ እያለ ይንቀሉ። መንጠቆው ጠልቆ ከተዋጠ ከመጎተት ይልቅ ክሩን አጠገቡ ቆርጦ መተው ይሻላል። ከዚያም ፊቱን ወደ ወራጁ አዙረው፣ በራሱ ኃይል እስኪዋኝ ድረስ ደግፈው ያቆዩት።

6. ከወንዙ ሲወጡ

የተቆረጠ ክር ወፎችን ስለሚያንቅ አንድም ሳያስቀሩ ይሰብስቡ። ጫማዎንና መረብዎን ከጭቃና ከዕፅዋት ያጽዱ፣ ውሃውን ያፍስሱ፣ ወደ ሌላ ወንዝ ከመሄድዎ በፊትም ሙሉ በሙሉ ያድርቁ። ኒውዚላንድ ዲዲሞ የተባለው አልጌ በ2004 እ.ኤ.አ. በወንዞቿ ከተገኘ በኋላ፣ እርጥበት ይዘው የሚቆዩ የሱፍ ሶል ጫማዎችን በ2008 አግዳለች። ደንቡ የያዙትን እንዲያስመዘግቡ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ምንም ያልያዙበትን ቀን ጭምር ያስመዝግቡ፤ የሚቀጥለው ዓመት ኮታ ሲወሰን ያ ቀን ዓሣ እንደተያዘበት ቀን ሁሉ መረጃ ነው።