አልተኛ ያለኝን ወረቀት እንዴት እንዳስተኛሁት
ለእናቴ የእንጨት ሳጥን በዲኮፓዥ፣ ማለትም የወረቀት ምስል ቆርጦ በመለጠፍ፣ እያስጌጥኩላት ነበር። ከአሮጌ ካሌንደር የአደይ አበባ ምስል ቆርጬ፣ ኮላ ቀብቼ ለጠፍኩ። መጀመሪያ ልጥፍ አለ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ግን ተነፋፋ፣ ተጨማደደ። እየላጥኩ 3 ጊዜ በአዲስ ምስል ሞከርኩ፤ ያው ነው። በጣም ከፋኝ።

በኋላ ነው የገባኝ። ወረቀት የኮላውን ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣል። ዳር ዳሩ ቀድሞ ከያዘ መሃሉ መሄጃ ያጣና ወደ ላይ ይነሳል። እንግዲያው ሳይለጠፍ በፊት ይለጠጥ አልኩ። አበባውን ሳህን ውሃ ውስጥ ለ3 ደቂቃ ነከርኩት፤ ውሃውን በፎጣ አነሳሁለት። ኮላውን ትንሽ አቅጥኜ ሳጥኑንም ወረቀቱንም ቀባሁ። ከዚያ በእርጥብ ስፖንጅ ከመሃል ወደ ዳር በቀስታ ገፋሁት። ሲደርቅ ተሰብስቦ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጠረ!

ምስር የምታክል አንዲት እብጠት ቀረች። በምላጭ ጫፍ ሰንጥቄ፣ በመርፌ ኮላ አስገብቼ በጣቴ ተጫንኳት። አሁን የት እንደነበረች እኔም አላገኛትም።

በቤት ፕሪንተር በፈሳሽ ቀለም የታተመ ምስል ግን እንዳትነክሩ፤ ቀለሙ ይለቃል። ቫርኒሹን በማግስቱ፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ቀባሁት።