አላብብ ያለው ብሮሚሊያድ እንዴት አበበ

ከእናቱ ሥር ተነጥሎ የተተከለ ጉዝማኒያ ነው፤ ብሮሚሊያድ ከሚባሉት፣ ከአናናስ ቤተሰብ ከሆኑት ተክሎች አንዱ። 3 ዓመት ሞልቶት፣ ቅጠሉም አምሮ ሳለ አበባ የሚባል ነገር አላወጣም። ማዳበሪያ መጨመሩ አልፈየደም፤ ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ብቻ ነው የሚረዝመው።

የፈታው የበሰለ ፖም ነው። ፖም ሲበስል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ብሮሚሊያድን ለማበብ የሚቀሰቅሰውም ይኸው ጋዝ ነው።

መጀመሪያ የተተከለበትን ዕቃ ዘንበል አድርጎ በቅጠሎቹ መሃል የተጠራቀመውን ውሃ ጥርግ አድርጎ መድፋት ያስፈልጋል። ይህ አይታለፍ፤ ውሃው ከቀረ ታፍኖ መሃሉን ያበሰብሰዋል። ከዚያ ፖሙን አፈሩ ላይ አስቀምጦ ተክሉን ከነዕቃው ብርሃን በሚያሳልፍ ትልቅ ፌስታል ሸፍኖ ማሰር ነው። 7 ቀን፣ ቢበዛ 10 ቀን ይበቃዋል። ብርሃን ይኑረው እንጂ ፀሐይ በቀጥታ አይረፍበት፤ ፌስታሉ ውስጥ የሚታመቀው ሙቀት ቅጠሉን ይቀቅለዋል።

ፌስታሉ ከተነሳ በኋላ መሃሉ ላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር የዝናብ ውሃ ይጨመርበታል። በ9ኛው ሳምንት ከመሃል ያሉት ትናንሽ ቅጠሎች ከሥራቸው መቅላት ጀመሩ፤ አበባው ከዚያው ውስጥ ወጣ። እንደ ዝርያው ከ6 እስከ 14 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል አትቸኩሉ።

ሙሉ ቁመቱን ባልያዘ ተክል ላይ ግን በፍጹም አትሞክሩት። አንዱ ግንድ የሚያብበው አንዴ ብቻ ነው፤ ያለጊዜው ከተቀሰቀሰ አበባው ጫጭቶ ይቀራል።