ናሚቢያን በመኪና ማቋረጥ፦ ከዊንድሆክ እስከ ኢቶሻ

ናሚቢያ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈራው ሙቀቱንና አንበሳውን ነው። መንገደኛን በብዛት የሚጎዳው ግን የጠጠር መንገዱ ነው፤ ያውም ሌላ መኪና በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ። አገሩ ከ820,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ሲኖረው የሕዝቡ ቁጥር 3 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ችግር ሲመጣ ደርሶ የሚረዳችሁ የራሳችሁ ዝግጅት ነው።

ለመጀመሪያ ጉዞ የሚመቸው ዙር ከዋና ከተማዋ ዊንድሆክ ወደ ሴስሪየም (የናሚብ በረሃ የአሸዋ ተራሮች መግቢያ)፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳሯ ከተማ ስዋኮፕመንድ፣ ከዚያ ወደ ኢቶሻ የዱር እንስሳት ፓርክ ሄዶ ወደ ዊንድሆክ የሚመለሰው ነው። ፓርኩ ውስጥ የምትነዱት ሳይቆጠር ከ1,600 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ነው። ሴስሪየም 2 ሌሊት፣ ስዋኮፕመንድ 2፣ ኢቶሻ 3፣ ዊንድሆክ ሲገቡና ሲወጡ አንዳንድ ሌሊት መድቡ። ከዚህ በጠበበ ጊዜ የሚኬደው ጉዞ ሰውን ያቻኩላል፤ በጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ ችኮላ ማለት መገልበጥ ነው።

ወሩና ወረቀቱ

ደረቁ ወቅት ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀኑ ለስላሳ ቢሆንም በረሃው ሌሊት ወደ ዜሮ ዲግሪ ስለሚወርድ ወፍራም ጃኬትና ሙቅ የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል። ከጥር እስከ መጋቢት ይዘንባል። መንገዱን አቋርጠው የሚያልፉት ደረቅ ወንዞች ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን እንኳን፣ ራቅ ባለ ተራራ ላይ በጣለ ዝናብ ድንገት ሊሞሉ ይችላሉ። ውኃ የሚጋልብበት ወንዝ ውስጥ መኪና አታስገቡ። ዳር ላይ ቆሙና ጠብቁ፤ አብዛኛው ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።

ከአዲስ አበባ ዊንድሆክ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይበራል። ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። የቪዛ ደንቡ በያዛችሁት ፓስፖርት ስለሚለያይ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አጣሩ። ከልጆች ጋር የምትጓዙ ከሆነ የልደት የምስክር ወረቀታቸውን ያዙ። ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጋር ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ይኑራችሁ። የናሚቢያ ዶላር ከደቡብ አፍሪካ ራንድ ጋር አንድ ለአንድ ነው፤ ራንድ እዚያ ይሠራል፣ የናሚቢያው ገንዘብ ግን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አይሠራምና ከመውጣታችሁ በፊት ጨርሱት።

መኪናውን ከአከራዩ ግቢ ሳታስወጡ

በአስፋልትና በደህና ጠጠር ብቻ ለሚሄድ ቤት መኪና ሊበቃ ይችላል፤ ነገር ግን ከመሬት ከፍ ያለ፣ ጠንካራ ጎማ ያለው ፒካፕ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ርክክቡ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት አጥፉ። አከራዩ ቢቻኮል እናንተ አትቻኮሉ።

ከጎማ ጀምሩ። በጎማው ጎን በተጻፈው መስመር መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ፤ 2322 ከሆነ በ2022 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው። አምስት ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ደህና ቢሆንም እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ፤ ላስቲኩ ደርቆ በሙቀትና በጠጠር ይተረተራል። ስኮርታውንም እንዲሁ አንብቡ። ከተቻለ ሁለት ስኮርታ ይኑራችሁ።

ቀጥሎ ስኮርታውን እዚያው አውርዱት። በብዙ ፒካፖች ላይ የተንጠለጠለው ከጭነቱ ወለል ሥር ሲሆን፣ ረጅም ብረት ከኋላ በኩል በቀዳዳ ገብቶ እየተዞረ በሰንሰለት ይወርዳል። ሰንሰለቱ በአቧራ ተነክሶ እምቢ የሚል ከሆነ ግቢው ውስጥ መታወቁ ይሻላል። ክሪኩ ከነእጀታው፣ የጎማ መፍቻው፣ መቆለፊያ ያለው ዳዶ ካለ ልዩ ቁልፉ መኖራቸውን እያነሳችሁ እዩ። ከዚህ ሌላ የንፋስ መለኪያ፣ ከባትሪ የሚሠራ ኮምፕሬሰር፣ አካፋ፣ ከክሪክ ሥር የሚገባ ጠፍጣፋ እንጨትና መጎተቻ ገመድ ያስፈልጋል።

የኢንሹራንሱን ውል አንብቡ። ብዙዎቹ ውሎች ጎማን፣ የፊት መስታወትን፣ የመኪናውን የታች አካልና ሌላ መኪና ሳይነካው የተገለበጠን አይሸፍኑም፤ ወይም ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ። በርካታ አከራዮች መኪናው ላይ ፍጥነት የሚመዘግብ መሣሪያ ይገጥማሉ፤ በጠጠር ላይ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ መሄዳችሁ ከታየ ኢንሹራንሱ ይቀራል። ጭረቱን ሁሉ በቪዲዮ ቅረጹ።

መሪው በቀኝ ነው፣ መንገዱም በግራ። እኛ አገር መንዳት የለመደ ሰው የሚሳሳተው ከተማ ውስጥ ብዙ መኪና እያየ ሳይሆን ከማደያ ወጥቶ ባዶ መንገድ ላይ ሲገባ ነው። ፍሬቻውና የዝናብ መጥረጊያውም ቦታ ይቀያየራሉ፤ ለመታጠፍ ብላችሁ መስታወት ብትጠርጉ አትደንግጡ።

በጠጠር ላይ እንዴት ይነዳል

የመንገድ ቁጥሮቹ ፊደል አላቸው። ቢ አስፋልት ነው። ሲ አብዛኛው በደንብ የተጠረገ ጠጠር ሲሆን አንዳንዱ አስፋልት ነው። ዲ ጠበብና ሻከር ይላል። ካርታችሁ የሚሰጣችሁን ሰዓት አትመኑት፤ በጠጠር ላይ በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አስቡ።

ጠጠሩን ስትጀምሩ ቁሙና ንፋስ ቀንሱ። አስፋልት ላይ ጭነት ላለው ፒካፕ 2.2 እስከ 2.5 ባር ከሆነ፣ ለጠጠር 1.8 እስከ 2.0 ባር ይበቃል። የደነደነ ጎማ ድንጋይ ላይ እየነጠረ ይሰነጠቃል፤ መሬት የመያዝ አቅሙም ይቀንሳል። ከዚህ በታች ሲወርድ ደግሞ ጎኑ ይወጣና ስለታም ድንጋይ ይቀደዋል። ጎን ላይ የተቀደደን ጎማ ጎሚስታም አያድነው። የሚለካው ጠዋት ሳይነዳ ነው፤ የሞቀ ጎማ 0.3 ባር ያህል ከፍ ብሎ ቢታይ ጤነኛ ነውና አትልቀቁለት።

ፎር ዊሉን በከፍተኛው ማርሽ (4H) አስገቡት። ለጉልበት ሳይሆን ኃይሉ ለአራቱም ጎማ ሲከፋፈል የኋላው በቀላሉ ስለማይከዳ ነው። ወደ አስፋልት ስትመለሱ አውጡት።

የሕጉ ጣሪያ በክፍት ጠጠር መንገድ 100 ነው፤ እናንተ ከ80 አትለፉ። መንገዱ ቆርቆሮ ሲመስል መኪናው በ40 ይንቀጠቀጣል፣ በ80 ግን የተንሳፈፈ ይመስልና ጸጥ ይላል። ጸጥታው አታላይ ነው፤ ጎማው መሬቱን የሚነካው ከጉብታ ጉብታ ስለሆነ ፍሬን ሲያዝ የሚይዘው ነገር የለም። አደጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ የግራው ጎማ ዳር ላይ ወደተከመረው ልቅ ጠጠር ይገባል፣ መኪናው ይጎተታል፣ ነጂው ደንግጦ መሪውን ወደ ቀኝ ይመነጭቃል፣ የኋላው ይዞራል፣ ጎኑን ሰጥቶ ሲንሸራተት ጎማው አንድ ነገር ይነካና ይገለበጣል። ጣሪያው ላይ ድንኳን የተጫነበት መኪና ደግሞ ከላይ ስለሚከብድ ቶሎ ይገለበጣል። መድኃኒቱ ምንም አለማድረግ ነው ማለት ይቀላል፦ ነዳጁን ልቀቁ፣ ፍሬን አትንኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ መኪናው ራሱ ሲቀዘቅዝ ቀስ ብላችሁ ወደ መንገዱ መልሱት። ጎማ ቢፈነዳም የሚደረገው ይኸው ነው። ለኩርባ ፍሬን የሚያዘው ገና ቀጥ ባለው ላይ እያላችሁ ነው። ከኋላ የተቀመጠውም ሰው ቀበቶ ይሰር፤ ሲገለበጥ ሰው የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ከመኪናው ተወርውሮ ነው።

መኪና ከፊት ሲመጣ ቀንሱና ወደ ግራ ጠጉ፤ ጠጠሩ መስታወት የሚሰብረው በሁለቱ ፍጥነት ድምር ነው። ቀንም ቢሆን መብራት አብሩ። አቧራ ውስጥ ገብቶ መቅደም የለም፤ ነፋሱ አቧራውን ወደ ጎን የሚወስድበት ቦታ እስኪመጣ ወደ ኋላ ቀሩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማረፊያችሁ ግቡ። በሰኔ ዊንድሆክ ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12፡10 ገደማ ትጠልቃለች (ሰዓታቸው ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው)። ከዚያ በኋላ አጋዘን፣ ሳላና ከርከሮ መንገድ ላይ ይወጣሉ። አጋዘን መብራት ሲያይ ወደ መኪናው ይዘላል፤ ክብደቱም መስታወት ሰብሮ የሚገባ ነው። ብዙ ኢንሹራንስ የሌሊት ጉዞን አይሸፍንም።

ጎማ መቀየር የመጣ እንደሆነ ጠንካራና ሜዳ ቦታ ፈልጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ በተቃራኒው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ አስቀምጡ። ዳዶዎቹን መኪናው ሳይነሳ አላሉ። ከክሪኩ ሥር እንጨቱን አኑሩ፤ አለዚያ ክሪኩ ወደ መሬት ይገባል እንጂ መኪናው አይነሳም። ስታጠብቁ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ዳዶዎች እያቀያየራችሁ አጥብቁ፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆማችሁ ደግማችሁ አጥብቁ። የተበሳውን በሚቀጥለው ከተማ አሠሩ፤ ያለ ስኮርታ ወደ በረሃ አይወጣም።

ነዳጅ፣ ውኃ፣ ስልክ

80 ሊትር የሚይዝ የናፍጣ ፒካፕ በጠጠር ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ወይም 13 ሊትር ከጠጣ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። አሸዋው ግን ከዚህ ያጎድላል፤ ማደያም አልቆበት ሊጠብቃችሁ ይችላል። ስለዚህ ያገኛችሁት ማደያ ሁሉ ላይ ሙሉ። ከሴስሪየም ወደ ስዋኮፕመንድ ስትሄዱ፣ ከሶሊተር መንደር ተነስታችሁ የወደብ ከተማዋ ዋልቪስ ቤይ እስክትደርሱ፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ማደያ የለም። ካርድ ማንበቢያው በኔትወርክ ምክንያት ሊቆም ስለሚችል ሁለት ጊዜ የሚያስሞላ ጥሬ ገንዘብ ይኑራችሁ። ቀጂው ናፍጣ ይሁን ቤንዚን መቅዳቱን ወርዳችሁ እዩ።

ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር የመጠጥ ውኃ ቁጠሩ፤ ከዚያ ሌላ 20 ሊትር የማይነካ ይኑር። አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ላባችሁ ሳይታይ ይተናል፤ ጥማት ሲሰማችሁ ዘግይታችኋል። መኪናው ቢቆም ከመኪናው አትራቁ። በአውሮፕላን ማረፊያው ፓስፖርት አሳይታችሁ ሲም ካርድ አውጡ፤ ከከተማ ወጥታችሁ ግን ኔትወርክ አትጠብቁ፤ ካርታውን ቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። በየቀኑ የት እንደምታድሩ የሚያውቅ ሰው ይኑር።

ሴስሪየምና አሸዋው

ከዊንድሆክ ሴስሪየም 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አምስት ሰዓት ይወስዳል። ሽፕሪትስሆግተ የሚባለው ቁልቁለት ዕይታው ግሩም ቢሆንም በመጀመሪያ ቀን፣ ቀኝ መሪ ገና ሳይለመድ፣ አይመከርም።

ከሴስሪየም በር በአሸዋ ተራሮች እስከተከበበው ደረቅ ሜዳ እስከ ሶሱስቭሌይ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የውጭው በር ፀሐይ ስትወጣ ይከፈታል፤ በበሩ ውስጥ ያደረ ሰው ግን አንድ ሰዓት ቀድሞ ይወጣል። ንጋትን አሸዋው ላይ ለማየት ውስጥ ካምፕ ማደር ያለው ጥቅም ይህች አንድ ሰዓት ናት። 60 ኪሎ ሜትሩ አስፋልት ነው፤ የመጨረሻው 5 ገደማ ጥልቅ አሸዋ ነው። ልምድ የሌላችሁ መኪናውን አስፋልቱ መጨረሻ አቁማችሁ የፓርኩን መኪና ተሳፈሩ፤ ነውር የለውም፣ ተቀብሮ ከመጎተት ይረክሳል።

ራሳችሁ ከነዳችሁ ንፋሱን ወደ 1.2 ባር አውርዱ፤ ቢብስ 1.0። ፎር ዊል አስገብታችሁ በዝቅተኛ ማርሽ ሳታቋርጡ ሂዱ። ማርሽ ለመቀየር ብላችሁ ከቀዘቀዛችሁ ትቀበራላችሁ። ለመቆም ፍሬን አትያዙ፤ ነዳጅ ልቀቁ፣ አሸዋው ራሱ ያቆመዋል፤ ቢቻል አፍንጫው ወደ ቁልቁለት እንዲሆን ምረጡ። ጎማው በቦታው ከዞረ ወዲያው ነዳጁን ልቀቁ፤ እያንዳንዱ ዙር ጉድጓድ ይቆፍራል። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ አሸዋውን ጥረጉ፣ የጎማውን ንፋስ ይበልጥ ቀንሱ፣ በመጣችሁበት ዱካ ወደ ኋላ ውጡ። አስፋልት ስትደርሱ ሳትሞሉ አትነሱ፤ በ1.2 ባር በፍጥነት መሄድ ጎማውን አሙቆ ይገነጥለዋል።

የደረቁ ግራሮች የቆሙበት ዴድቭሌይ ከመኪና ማቆሚያው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ነው። ከረፋዱ በኋላ አሸዋው ባዶ እግርን ያቃጥላል፤ ሽፍን ጫማ አድርጉ። ከሞቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ያለፏቸውን ግራሮች አትደገፉባቸው፣ አትውጡባቸው።

ጠረፉ፣ ከዚያም ኢቶሻ

ወደ ስዋኮፕመንድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መጨረሻው ላይ አየሩ በድንገት ይቀዘቅዛል። የቤንጉዌላ የውቅያኖስ ጅረት ቀዝቃዛ ስለሆነ ጠዋት ጉም ይሸፍነዋል። ከስዋኮፕመንድ ወደ ሰሜን በጠረፉ የሚሄዱ የጨው መንገዶች ሲደርቁ አስፋልት ይመስላሉ፤ በጉም ሲረጥቡ ሳሙና ናቸው። በከተሞች ቁልፉን ከተጫናችሁ በኋላ የበሩን እጀታ ሳቡ፤ የርቀት መቆለፊያውን ሲግናል የሚያፍኑ ሌቦች አሉ። ቦርሳም ወንበር ላይ አይተው።

ኢቶሻ ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር የማያንስ ስለሆነ ማልዳችሁ ተነሱ፤ በሩ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። ፓርኩ ውስጥ ጣሪያው 60 ነው፤ ከተፈቀደ ቦታ በስተቀር ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። በደረቁ ወቅት ከመዞር ይልቅ ኩሬ ዳር ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ ይበልጥ ያሳያል። ኦካውኩዌዮ ካምፕ ያለው ኩሬ ሌሊት መብራት ስላለው አውራሪስና ዝሆን ለማየት ወንበር ይዞ መቀመጥ ብቻ ይበቃል። አካባቢው ወባ አለበት፤ በተለይ በዝናቡ ወራት መድኃኒቱን ከጉዞ በፊት ሐኪም ጠይቁ።

ለምሽት ጥብስ የገዛችሁትን ሥጋ ከኢቶሻ ሳትወጡ ጨርሱት። የእንስሳት በሽታ ወደ ደቡብ እንዳይሻገር ሲባል በሩ ላይ ማቀዝቀዣችሁ ይፈተሻል፤ ጥሬ ሥጋ ከተገኘ ይወሰዳል። ከኦካውኩዌዮ ዊንድሆክ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ አስፋልት ነው፤ ፎር ዊሉን አውጥታችሁ፣ ጎማውን ወደ ላይኛው ልክ ሞልታችሁ ተነሱ።