ፊድ ሪደር መሞከር ለምትፈልጉ

የምትከታተሉት ሰው አዲስ ነገር መጻፉን የምታውቁት ማኅበራዊ ሚዲያው ደስ ብሎት ሲያሳያችሁ ብቻ ነው? እንግዲያው ፊድ ሪደር ሞክሩ፤ የመረጣችኋቸውን ገጾች አዳዲስ ጽሑፎች አንድ ቦታ የሚያሳያችሁ አፕ ነው። የጎግል ፊድ ሪደር የነበረው ጎግል ሪደር እ.ኤ.አ. በ2013 ሲዘጋ ነገሩ አብሮ የሞተ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አልሞተም። ፖድካስት የምትሰሙ ከሆነ ደግሞ ሳይታወቃችሁ በዚሁ ቴክኖሎጂ ነው የምትሰሙት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብዙ ድረ ገጾች አዲስ ጽሑፍ ባወጡ ቁጥር ርዕሱን፣ ቀኑንና ሊንኩን የያዘ አንድ ፋይል ያድሳሉ፤ ፊድ የሚባለው እሱ ነው፣ አርኤስኤስና አቶም ደግሞ የአጻጻፉ ዓይነቶች ናቸው። ሪደሩ እየዞረ ፋይሎቹን ያይና አዲሱን አንድ ቦታ ይሰበስብላችኋል።

አፕ ከማውረዳችሁ በፊት ምንጮቻችሁን ምረጡ። አሥር ያህል ይበቃል፣ ግን የተለያዩ ይሁኑ። በቀን ብዙ ዜና የሚያወጣ ገጽ፣ በወር አንዴ ብቅ የሚል ብሎግ፣ አንድ የዩቲዩብ ቻናል፣ በአማርኛ የሚጻፍ ገጽም አይቅር። አብዛኛውን ጊዜ የድረ ገጹን አድራሻ ሪደሩ ላይ ፔስት ማድረግ ብቻ ነው፤ ፊዱን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። እምቢ ካለና ገጹ ወርድፕረስ በሚባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ ከሆነ፣ ከአድራሻው መጨረሻ ስላሽ አድርጋችሁ ፊድ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጨምሩበት (/feed)።

ከዚያ ለማወዳደር ሁለት ወይም ሦስት ሪደር ያዙ፤ ከዚያ በላይ ድካም ነው። ፊድሊና ኢኖሪደር በብሮውዘርም በስልክም ይሠራሉ፣ አካውንት ግን ይጠይቃሉ። ማክ ወይም አይፎን ያለው ሰው ኔትኒውስዋየርን ይሞክር፣ ነጻ ነው። ኢሜይሉን በተንደርበርድ የሚያነብ ደግሞ ሪደሩ እዚያው ውስጥ አለለት። የራሳችሁ ሰርቨር ካላችሁና መጎርጎር ከወደዳችሁ ፍሬሽአርኤስኤስ አለ።

ምንጮቹን ለእያንዳንዱ እንደገና አታስገቡ። ከመጀመሪያው ሪደር የምንጮቻችሁን ዝርዝር የያዘውን፣ ኦፒኤምኤል የሚባለውን ፋይል ኤክስፖርት አድርጉና ሌላው ላይ ኢምፖርት አድርጉት። ይሄ ራሱ የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ ዝርዝራችሁን ይዛችሁ እንድትወጡ የማይፈቅድ ሪደር ምንም ቢያምር ይቅርባችሁ።

አሁን ዝም ብላችሁ ተጠቀሙበት። አንዱን ለሳምንት ያህል፣ ከዚያ ሌላውን። ብዙ ሰው የሚያየው መልኩን ነው፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ዘግቼው ስመለስ የሚሆነውን ነው። ፊድ ሁሉንም ጽሑፍ አይዝም፣ የቅርብ ጊዜዎቹን ብቻ ነው፤ የወርድፕረስ ፊድ ካልተቀየረ በቀር 10 ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ኮምፒውተራችሁ ላይ ብቻ የሚሠራ ሪደርን ለቀናት ከዘጋችሁት፣ ብዙ የሚያወጣ ገጽ ጽሑፎች መሀል ላይ ያመልጧችኋል። እንደ ፊድሊና ኢኖሪደር በሰርቨር የሚሠሩት ግን እናንተ ተኝታችሁም ይሰበስባሉ። በወር አንዴ የሚጽፉ ሰዎችን ብቻ ለሚከታተል ይሄ ምንም አይደለም፣ ዜና ለሚከታተል ግን ትልቅ ልዩነት ነው።

ስልክ ላይ ያነበባችሁት ኮምፒውተሩ ላይም እንደተነበበ መታየቱን እዩ። ነጻው አካውንት ስንት ምንጭ እንደሚፈቅድም ቀድማችሁ አረጋግጡ። ጽሑፉ ተቆርጦ ከመጣ ሪደሩን ለመውቀስ አትቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚቆርጠው የገጹ ባለቤት ነው፣ ሰው ገጹ ድረስ እንዲመጣለት። አንዳንድ ሪደሮች ሙሉውን ሄደው ያመጡታል።

በአማርኛ የምታነቡ ከሆነ ፍለጋውንም ሞክሩት። ለኮምፒውተር «ሐ» እና «ሀ» የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ከጻፈ፣ በአንዱ ፈልጋችሁ ሌላውን ላታገኙ ትችላላችሁ። ጽሑፎችን በቃል የሚለይ ፊልተር ስትሠሩም ሁሉንም አጻጻፍ አስገቡ።

ያልተነበበው ቁጥር መቶዎች ሲገባ አትደንግጡ። ብዙ የሚያወጡትን ገጾች ለብቻ ፎልደር ውስጥ ክተቷቸውና ሲበዛባችሁ ሁሉንም እንደተነበበ አድርጋችሁ እለፉ። ኢሜይል አይደለም፣ መልስ የሚጠብቅ የለም። ይህን ማድረግ አሥር ቦታ መንካት የሚያስፈልግበት ሪደር ከኔ ጋር አይቆይም።

ሳታስቡት ደጋግማችሁ የከፈታችሁትን አስቀሩ። የሌሎቹን አካውንት ሰርዙ፣ የቀረውን ሪደር ኦፒኤምኤል ፋይልም የሆነ ቦታ አስቀምጡ።