በረዶ የጣለ ዕለት ሰፈራችን የሚደጋግማቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር በረዶ ሲጥል ሰፈር ሌላ ሰፈር ይሆናል። ቆርቆሮው ሲንጓጓ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው አይደማመጥም። ሲያባራ የኮብልስቶኑ መንገድ ነጭ ለብሶ ይታያል። ልጆች በባዶ እግራቸው ወጥተው ይንጫጫሉ። ይህን ቀን በጣም እወደዋለሁ። ሽምብጥ በሚባለው ሰፈራችን ብዙ ክረምት አሳልፌያለሁ፤ የማያቸው ስህተቶች ግን በየዓመቱ ያው ናቸው።

አንዱ «መንገዱ ይድረቅ» ብሎ ቤት መቅረት ነው። ከተማችን ያለችው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ መሬቷ ሞቃት ስለሆነ በረዶው ቶሎ ይቀልጣል። ቡናው ሁለተኛ ላይ ቢደርስም ተነሱ።

ቸኩሎ መውጣት ግን ይብሳል። ዝናቡ ቀነሰ ማለት መብረቁ አለቀ ማለት አይደለም። ስንቴ ልናገር! ትልቅ ሰው ሳይቀር ሰማዩ እያጉረመረመ ልጁን ይዞ ማንጎ ዛፍ ሥር ይቆማል። ብልጭታውን እንዳያችሁ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳትደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ ቅርብ ነው፣ አትውጡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ጠብቁ። በዚህ መሀል የመንገዱ ነጭ ቢጠፋ ይጥፋ፤ ከመስኮት እዩት። አሸንዳ ሥር የተከመረውና ከአጥር ጀርባ ጥላ ውስጥ ያለው በረዶ ይቆያችኋል።

ይህን የምለው እኔም ስላጠፋሁ ነው። ተማሪ ሳለሁ ጣና ዳር ዝናብ ያዘንና ከጓደኞቼ ጋር ዋርካ ሥር ተጠለልን። አንድ ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን ወደ ዳር እየጎተተ «ልጆች! ውጡ ከዚያ!» ብሎ ጮኸብን። ሳቅንበት። ታንኳውን ጥሎ መጣና እጄን ይዞ እየጎተተ ቤት አስገባን። ትንሽ ቆይቶ መብረቁ እኛ ከነበርንበት ብዙም የማይርቅ ዛፍ መታ። ቅርፊቱ ከላይ እስከ ታች ተልጦ ነበር። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ቀረሁ።

መንገድ ላይ የሚፈሰውን ጎርፍ ውስጥ ገብቶ መንቦጫረቅም ይቅር። ክዳኑ የተነሳ ቦይ ከሥር ይኑር አይኑር አይታይም።

አሸንዳው በበረዶ ሲደፈን ውሃው ወደ ኮርኒስ ይመለሳል። ከታች ሆናችሁ በረጅም እንጨት ንኩት እንጂ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አትውጡ።

በቆሎ እሸት መጥበስ የዚያ ቀን ደስታ ነው። ግን ከሰሉን ብርድ ነው ብላችሁ በር ዘግታችሁ ቤት ውስጥ አታንድዱ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ልጆች ደግሞ በረዶውን ከመሬት እያነሱ ይበሉታል፤ ከቆርቆሮ የተንሸራተተው ደግሞ የወፍ ኩስና አቧራ ይዞ ነው የሚወርደው። አትቆጧቸው። ገና ደመናው ሲጠቁር ንጹሕ ሳፋ ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ ግቢው መሀል አስቀምጡ። ከዚያ ላይ ያንሱ።

ከሳፋው ውስጥ ትልቁን መርጣችሁ በቢላ ለሁለት ክፈሉት። እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ነው፤ አንዱ ሽፋን ነጭ፣ አንዱ እንደ መስታወት የጠራ። ደመናው ውስጥ ያለው ነፋስ ወደ ላይ እያነሳው፣ ውሃ እየለበሰና እየበረደ ነው እዚህ የደረሰው። ባለፈው ክረምት ለጎረቤቴ ልጅ እንዲህ ከፍዬ አሳየኋት። መዳፏ ላይ አድርጋ ዝም ብላ አየችው። ጠርዙ መቅለጥ ሲጀምር «ቆይ፣ ሌላ ላምጣ» ብላ ወደ አሸንዳው ሥር ሮጠች።