አጥንትሽን ገና በወጣትነትሽ እንዴት ታጠነክሪያለሽ?

የአጥንት መሳሳት ሲባል ትዝ የምትለን ጎብጣ ምርኩዝ የያዘች አያት ናት። አጥንት የሚሞላው ግን እስከ 30 ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ያለውን መጠበቅ ነው። ሲሳሳ ደግሞ አያምም። ብዙ ሴት የምታውቀው ከተሰበረች በኋላ ነው።

መጀመሪያ እናትሽን ጠይቂ። «እማዬ፣ ከዘመዶቻችን በትንሽ አወዳደቅ ዳሌው የተሰበረ አለ?» ካለ ያዢው፤ ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ትናገሪዋለሽ።

ቀጥሎ ወደ መሶብ። ከ19 እስከ 50 ዓመት ላለች ሴት በቀን 1000 ሚሊግራም ካልሲየም ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ይሰጣል። ጾም ሲገባስ? ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ በጣም የተሻለ ካልሲየም አለው፤ ሊጡ ሲቦካም ሰውነት ማዕድኑን በቀላሉ ያገኘዋል። ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ሲያዩት ያምራል፣ ካልሲየሙ ግን ያንሳል። ወጡን በተመለከተ እኔ ለዓመታት ቆስጣ አጥንት ያጠነክራል ብዬ ስበላ ኖሬያለሁ። ለካ ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር ካልሲየሙን አንቆ ይይዘዋል! ጎመን ይሻላል፤ የእሱን ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። ደቀቅ አድርገሽ ከትፈሽ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ አቁላልተሽ፣ በጤፍ እንጀራ ብዪው።

ካልሲየም ያለ ቫይታሚን ዲ ብዙ አይመጠጥም። ቫይታሚኑን ቆዳችን የሚሠራው ከፀሐይ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ፀሐይ ሞልቷል። ስቶክሆልም ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለችው ፀሐይ ግን ለዚህ አትጠቅምም። ሪያድ ወይም ዱባይ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የምትሠሪም ከሆነ ያው ነሽ። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ካነሰ ኪኒን ይታዘዝልሻል።

እንቅስቃሴውን ቀላል አድርጊው፦ ገመድ ዝለዪ፣ ሊፍቱን ትተሽ በደረጃ ውጪ። ዋና ለልብ ጥሩ ነው፣ ለአጥንት ግን ብዙም አይረዳም።

የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወጊ ከሆነ እዚህ ጋ ቆም በዪ። መርፌውን በምትጠቀሚበት ጊዜ የአጥንት ጥግግት ይቀንሳል፤ ስታቆሚ አብዛኛው ይመለሳል። ስለዚህ ደንግጠሽ አታቋርጪ፤ ያልታሰበ እርግዝና ሌላ ጣጣ ነው። ከ2 ዓመት በላይ ከቆየሽበት ግን ጤና ጣቢያ ሄደሽ «ሌላ የሚስማማኝ አለ?» በዪ። ሉፕ ለምሳሌ አጥንት አይነካም። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለ3 ወርና ከዚያ በላይ የምትወስጂም ሐኪምሽን ስለ አጥንትሽ ጠይቂ፤ በራስሽ ግን አታቁሚው።

ለመክሳት ብለሽ ምግብ ቀንሰሽ፣ እርጉዝ ሳትሆኚ የወር አበባሽ 3 ወር ከቀረ ቶሎ ታዪ። የወር አበባ ሲቀር ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ወርዶ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሲወርድ ደግሞ አጥንት ይሳሳል።

ዴክሳ የሚባለው የአጥንት ምርመራ ለሁሉም ወጣት አያስፈልግም። ሐኪም ካዘዘልሽ ግን ውጤቱ ላይ «ዜድ ስኮር» የሚለውን እዪ፤ ከእኩዮችሽ ጋር የሚያስተያይሽ እሱ ነው። ከዜሮ በታች 2 ወይም ከዚያም የወረደ ከሆነ ለዕድሜሽ ከሚጠበቀው በታች ነው፤ ሐኪሙ ምክንያቱን ይፈልጋል።