የጓሮ ፍራፍሬን በቮድካ ዘፍዝፎ መጠጥ ማዘጋጀት

ጓሮው ፍራፍሬ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ለሳምንታት አንዲት ፍሬ ስትቀላ ሲጠብቅ ይከርምና በአምስት ቀን ውስጥ ሁሉም በአንድ ላይ ይበስላል። ተበልቶ አያልቅ፣ ለጎረቤት ታድሎ አያልቅ። ማርማላታ አንዱ መላ ነው። እኔ ግን ምድጃ ፊት መቆም ስለማልወድ ቮድካ ውስጥ እዘፈዝፈዋለሁ።

ይህ መዘፍዘፍ ነው እንጂ ማንጠር አይደለም። አልኮል በቤት ውስጥ አፍልቶ ማንጠር በብዙ አገር ያለ ፈቃድ የተከለከለ ነው፤ የአልኮል እንፋሎትም በቀላሉ እሳት ይይዛል። እኛ የምንጠቀመው ተዘጋጅቶ የተሸጠውን መጠጥ ነው።

ለመጀመሪያ ሙከራ 500 ግራም እንጆሪ፣ 750 ሚሊ ሊትር ባለ 40 በመቶ ቮድካ፣ 150 ግራም ስኳርና አንድ ሊትር ተኩል የሚይዝ አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ ይበቃል። ፕላስቲክ ይቅር፤ አልኮሉ ሽታውን ይስባል። ቮድካው ውድ መሆን የለበትም፣ ግን ሲሸቱት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ፍሬው አይሸፍንለትም።

እንጆሪውን ጤዛው ከደረቀ በኋላ ይልቀሙ። ጥሩ የበሰለ ይሁን፤ የሻገተውን ግን ቆርጦ ማዳን አይሞከርም፣ ሙሉውን ይጣሉት። አረንጓዴውን ቆብ ከማውጣትዎ በፊት ይጠቡት፤ ቆቡ ከወጣ በኋላ ከታጠበ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ያድርቁትና ለሁለት ይክፈሉት።

ለምን ይህን ያህል ስለ ውሃ እጨነቃለሁ? እንጆሪ ራሱ ከመቶ ዘጠና እጁ ውሃ ነውና። 750 ሚሊ ሊትር ቮድካ ውስጥ ያለው ንጹሕ አልኮል 300 ሚሊ ሊትር ነው። ግማሽ ኪሎው እንጆሪ 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ይዞ ሲገባ፣ ያ 300 አልኮል 1200 ላይ ይከፋፈላል፤ 40 የነበረው 25 በመቶ ይሆናል። ስኳሩ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ሟሙቶ ሲጨመር ወደ 22 ይጠጋል። እዚህ ላይ እንቆማለን። ስስት ይዞዎት አንድ ኪሎ ቢጠቀጥቁ ግን ስኳሩ ሳይገባ ገና 18 በመቶ ነው፤ እንዲህ ያለው ከመደርደሪያ ይልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል።

ዕቃውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ያድርቁ፣ ፍሬውን ይጨምሩ፣ ቮድካውን ያፍስሱበት፣ ይክደኑ፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ። ብርሃን ቀለሙን ያጠፋዋል።

እንጆሪ ይንሳፈፋል። የመጀመሪያውን ጊዜ ይህን ንቄ ለሁለት ሳምንት ሳልነካው ቀረሁ፤ ስከፍተው ላዩ ላይ ያለው ፍሬ ቡናማ ሆኖ፣ ከክዳኑ ሥር ነጭ ሻጋታ አብቅሎ ጠበቀኝ። ሁሉም ተደፋ። አሁን ፍሬው እንዲሰምጥ ከላይ ንጹሕ ትንሽ ብርጭቆ እጭንበታለሁ፣ በየቀኑም አንዴ ዕቃውን ዞር ዞር አደርገዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ቀለሙ ከሥር እየቀላ ሲወጣ ይታያል። ሦስተኛው ቀን ላይ በማንኪያ መቅመስ ይጀምሩ። ፍሬው ነጥቶ እንደራሰ ወረቀት ሲመስል ያለውን ሰጥቷል፤ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይወስዳል። ከዚያ በላይ ማቆየት ጣዕሙን ያደክመዋል።

ሌላው ፍሬ ጊዜው ይለያያል። ኮክ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ፕሪም ከአንድ ወር በላይ ይፈልጋል። የሁለቱም ፍሬ ውስጥ ያለው ጠንካራ ዘር ይውጣ፤ በተለይ አይሰበር፣ አስኳሉ ሳያናይድ የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ነገር አለበት። ከሎሚና ከብርቱካን የሚፈለገው ባለቀለሙ ስስ ልጣጭ ብቻ ነው። ነጩ ክፍል አብሮ ከገባ ምሬቱን ስኳርም አይመልሰውም።

ሲደርስ በወንፊት፣ ቀጥሎ በስስ ጨርቅ ያጥልሉት። ጨርቁን አይጭመቁት! እጅ ያሳክካል፣ አውቃለሁ፤ ግን ከተጨመቀ መጠጡ ይደፈርሳል። በራሱ ጊዜ ይንጠባጠብ።

ስኳሩን መጨረሻ ላይ የማደርገው ፍሬው ምን ያህል ጣፋጭ እንደነበር ቀድሜ ስለማላውቅ ነው። ስኳሩ በውሃ የሟሟበት ሽሮፕ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ግማሹን ብቻ ጨምረው ይቅመሱ። ጠርሙስ ላይ የፍሬውን ስምና ቀኑን ይጻፉበት። አዲሱ መጠጥ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ አንድ ወር ቢተኛ ይለሰልሳል።

የተጠለለው እንጆሪ እንዳያታልልዎት። ነጥቶ ቢታይም አልኮሉን ጠጥቷል፤ ሳህን ላይ ትቶ መሄድ አይገባም፣ ልጅ ያነሳዋል። ለአዋቂዎች አይስክሬም ላይ ጣል ቢደረግ ግን ጥሩ ነው።

ሲቀዱም ጠርሙሱን ሳይነቀንቁ ቀስ ብለው ያዘንብሉት። ከሥር የምትቀረው አንድ ጣት ያህል ድፍርስ ለኬክ ትሆናለች።